ከታላቁ ውድድር በፊት ባሉት ጧቶች ፈረስን ስለ መመልከት



በሀገራችን ፈረስን የማያውቅ የለም። ለጉግስ ሲጋለብ፣ ሙሽራ ሲያጅብ፣ ጋሪ ሲጎትት ሁላችንም አይተናል። ቋንቋችንም ስለ ፈረስ አካሄድ ድኻ አይደለም፤ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ሽምጥ እያለ ይለያል። ዛሬ የምናጠናው ግን በሩቅ አገር፣ በአሜሪካ፣ ከአንድ ታላቅ የፈረስ እሽቅድምድም በፊት ባሉት ጧቶች ሰዎች አጥር ተደግፈው የሚመለከቱትን ነገር ነው። ለመሆኑ ምን ያያሉ? ያዩት ነገርስ ምን ይነግራቸዋል? ሊያዩት ሲገባ ሳያዩት ቢያልፍስ ምን ይደርሳል? ከሦስቱ ጥያቄዎች የመጨረሻው ይከብዳልና ወደ እርሱ ቀስ ብለን እንደርሳለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ውድድሩ ኬንታኪ ደርቢ ይባላል። ከ1875 ጀምሮ በሉዊቪል ከተማ፣ ቸርችል ዳውንስ በተባለው ሜዳ በየዓመቱ ይካሄዳል። በ1945 በጦርነቱ፣ በ2020 ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት ቀኑ ተገፍቶ ነበር እንጂ የቀረበት ዓመት የለም። የተለመደው ቀን የሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ሲሆን በእኛ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይውላል። ርቀቱ አንድ ማይል ከሩብ፣ ማለትም 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚሮጡት የሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከ20 አይበልጥም። እንግዲህ ይህን ልብ እንበል፤ አንድ ፈረስ ሦስት ዓመት የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ዘንድሮ ያልሮጠ ፈረስ ለከርሞ ይደርሰኛል ማለት አይችልም። ባለቤቱም፣ አሠልጣኙም፣ ጋላቢውም ይህን ያውቃሉ። በኋላ ስለምናነሣው ጭንቀት ምክንያቱ ይኸው ነው።

የልምምዱ ሰዓት ጧት ነው። ጎሕ ሳይቀድ ባልደራሶቹ ከጋጣው ደርሰው ፈረሱ ማታ የተሰጠውን አጃ ጨርሶ እንደሆነ ገንዳውን ያያሉ። ምግቡን የተወ ፈረስ ካለ ወሬው ወዲያው ለአሠልጣኙ ይደርሳል። ከዚያ እግሮቹን ከጉልበት በታች በእጃቸው እየዳሰሱ ሙቀትና እብጠት ይፈልጋሉ። ይህን ሥራ ተመልካች አያየውም፤ በእኔ አስተያየት ግን የጧቱ እውነተኛ ምልከታ የሚጀምረው በዚህ በጨለማው፣ በጣቶች ጫፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ፈረሶቹ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። በቅርብ ዓመታት ለደርቢውና በዋዜማው ዓርብ ለሚደረገው የባዝራዎች ውድድር የተመረጡት ፈረሶች ብቻቸውን የሚለማመዱበት ጥቂት ደቂቃ ተለይቶ ይሰጣቸዋል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የደርቢ ፈረሶች ግላስ ቢጫ፣ የባዝራዎቹ ሮዝ ሲሆን የእያንዳንዱ ስም በግላሱ ላይ ስለተጻፈ ተመልካቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይቸገርም። በአሜሪካ ውድድር የሚሮጠው ግራ እጅን ወደ ውስጠኛው አጥር አድርጎ ነው። በልምምድ ሰዓት ግን በዝግታ የሚሄዱትና ሶምሶማ የሚረግጡት በውጭው አጥር በኩል በተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣሉ፤ የሚጋልቡት በመካከል፣ በፍጥነት የሚሮጡት ደግሞ ከውስጠኛው አጥር አጠገብ ይሆናሉ። በዚህ ሥርዓት መቶ ፈረስ ሳይጋጭ ይተላለፋል።

በአጥሩ ላይ በየርቀቱ ቀለም የተቀቡ ምሰሶዎች ተተክለዋል። የርቀቱ መለኪያ ፈርሎንግ ይባላል፤ የማይል አንድ ስምንተኛ ወይም 201 ሜትር ያህል ነው። ደርቢው እንግዲህ አሥር ፈርሎንግ ነው ማለት ነው። ፈረሶቹ በየቀኑ የሚያደርጉት ተራ ግልቢያ ሰዓት አይያዝለትም። ከስድስት ወይም ከሰባት ቀን አንድ ጊዜ ግን ለአራት፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ፈርሎንግ በርትተው ይሮጣሉ። ያን ጊዜ ሰዓት ያዦቹ ከፍ ካለ ስፍራ ሆነው ፈረሱ አንዱን ምሰሶ ሲያልፍ ሰዓታቸውን አስነሥተው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ያቆማሉ። ውጤቱ በማግሥቱ ታትሞ ይወጣል። በዚያ ቀን በዚያ ርቀት ከሁሉም በፈጠነው ፈረስ ሰዓት አጠገብ ጥቁር ነጥብ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ትጋት ከየት መጣ ቢባል ከውርርድ ነው፤ ገንዘቡን የሚያስይዘው ሰው ፈረሱ በምሥጢር ምን እንደሠራ ማወቅ ስለሚፈልግ ሰዓቱ በይፋ ይያዝ ተባለ። እኛ ለውርርዱ ደንታ የለንም፤ ሆኖም ልማዱ ያተረፈልን የብዙ ዓመት መዝገብ ለጥናት ይጠቅማል።

የሰዓቱ ስሌት ቀላል ነው። አንድ ፈርሎንግ በ12 ሰከንድ መሮጥ ጥሩ ፍጥነት ነው ይባላል፤ አምስት ፈርሎንግ በ1 ደቂቃ ማለት ነው። ይህን ፍጥነት አሥሩን ፈርሎንግ ሙሉ የጠበቀ ፈረስ ደርቢውን በ2 ደቂቃ ይጨርሳል። ይህ የሚቀል የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይስማ፤ በደርቢ ታሪክ አሸንፈው ከ2 ደቂቃ በታች የገቡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ በ1973 ሴክረታሪየት፣ በ2001 ሞናርኮስ።

ታዲያ ፈጣን ሰዓት ያስመዘገበውን ፈረስ መርጦ ያሸንፋል ማለት ይቻላል? አይቻልም። በመጀመሪያ ሜዳው ራሱ በየሰዓቱ ይለወጣል። በልምምዱ መካከል ትራክተሮች ገብተው አፈሩን ያለሰልሱታል፤ ከዚያ ወዲያው የገባ ፈረስ የሚረግጠው ለስላሳና እኩል መሬት ሲሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጣው ደግሞ በመቶ ኮቴ የተቆፈረውን ያገኛል። ከዚህም በላይ በውስጠኛው አጥር ጥግ የሮጠና በኩርባው ላይ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ የሮጠ በአንድ ሰዓት ቢጨርሱ ሁለተኛው ብዙ ሜትር ጨምሮ ሮጧል። የጋላቢው ክብደትም አለ። አንዱ ፈረስ ጋላቢው ዛቡን ጨብጦ እየከለከለው፣ ሌላው እየተገፋና እየተጎሰመ ያንኑ ሰዓት ሊያመጡ ይችላሉ፤ መዝገቡ ላይ ግን ቁጥሩ አንድ ነው። ልምድ ያላቸው ተመልካቾች ሰዓቱ ከቆመ በኋላም ዐይናቸውን አይነቅሉም። ፈረሱ የመጨረሻውን ምሰሶ ካለፈ በኋላ ምን ያደርጋል? ወዲያው ይዝላል ወይስ ማንም ሳያስገድደው ሌላ አንድ ሁለት ፈርሎንግ በዚያው ግስጋሴ ይቀጥላል? ደርቢው ረጅም ስለሆነ የኋለኛው ምልክት ከታተመው ቁጥር የበለጠ ይናገራል።

ለዚህ ከታሪክ ሁለት ምሳሌዎችን እንይ። በ1971 ካኞኔሮ የሚባል ፈረስ ከቬኔዝዌላ መጣ። በጨቅላነቱ በ1,200 ዶላር የተሸጠ፣ አንድ የፊት እግሩ ጠመም ያለ ፈረስ ነበር። መንገዱ አስቸጋሪ ሆነበት፤ ማያሚ ላይ በጤና ቁጥጥር ተይዞ ቆየ፤ ሉዊቪል ሲደርስ ከስቶ ነበር። አሠልጣኙ ኹዋን አሪያስ በአሜሪካኖቹ ልማድ አልሄደም። ፈረሱን አንዳንድ ቀን ያለ ኮርቻ፣ ረጅምና ዝግተኛ ግልቢያ ያስጋልበው ጀመር። አንድ ጧት አራት ፈርሎንግ ሲሮጥ ወደ 54 ሰከንድ ገደማ ፈጀ፤ በዚያ ርቀት 48 ሰከንድ በሚጠበቅበት ሜዳ ይህ ለሣቅ የሚበቃ ነበር። ሣቁበትም። ለውርርዱም ለብቻው መቆጠር የማይገባው ተብሎ ከሌሎች ደካሞች ጋር በአንድነት ተደመረ። በውድድሩ ቀን ከ20ዎቹ ፈረሶች ከኋለኞቹ መካከል ሆኖ ሲሮጥ ቆይቶ በመጨረሻው ኩርባ ላይ በውጭ በኩል ሁሉንም እያለፈ መጣና አሸነፈ። የሣቁት ሰዎች ሰዓታቸው አልተሳሳተም፤ ፈረሱ በእርግጥ በዝግታ ሮጧል። ያልጠየቁት ነገር ቢኖር አሠልጣኙ በዚያ ጧት ከፈረሱ ምን ይፈልግ እንደነበረ ነው። ካኞኔሮ በካራካስ ደርቢውን የሚያህል ርቀት ሮጦ ያውቅ ስለነበር የጎደለው ፍጥነት አልነበረም፤ ከመንገዱ ድካም ማገገም ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ተቃራኒው ነው። በ1973 ሴክረታሪየት ከደርቢው ሁለት ሳምንት በፊት በኒውዮርክ ዉድ መሞሪያል በተባለው ውድድር ሦስተኛ ወጣ። የሚያሸንፈው የለም ይባል ስለነበር ሰው ሁሉ ተደናገጠ። ከዚያ ውድድር በፊት በነበረው የጧት ልምምድ እንደ ልማዱ አልፈጠነም፤ ልጓሙ ሲሳብም ራሱን ወደ ላይ ይወረውር ነበር። ነገሩ ምን ነበር ቢባል ከላይኛው ከንፈሩ ሥር መግል የቋጠረ እብጠት ወጥቶበት ነበር፤ ልጓሙ በነካው ቁጥር ያመዋል። ሐኪሙ ያየው በውድድሩ ጧት የመታወቂያ ቁጥሩን ለማንበብ ከንፈሩን ገልጦ ነው። ጋላቢው ሮን ተርኮት ግን ይህን ሳያውቅ ነበር የተቀመጠበት። እብጠቱ ከዳነ በኋላ ከደርቢው ሦስት ቀን ሲቀር ፈረሱ አምስት ፈርሎንግ በ58 ሰከንድ ከ3/5 ሮጠ። በዚያ ቅዳሜ ያደረገው እስከ ዛሬ አልተደገመም፤ አሥሩን ፈርሎንግ በአምስት ሩብ ማይሎች ብንከፍለው እያንዳንዱ ሩብ ከቀደመው እየፈጠነ ሄዶ በ1 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ከ2/5 ጨረሰ። ክብረ ወሰኑ አሁንም የእርሱ ነው።

በካኞኔሮ ጊዜ ዝግታው ክፉ ምልክት አልነበረም፤ በሴክረታሪየት ጊዜ ነበር። ሰዓቱ ብቻውን ሁለቱን አይለያቸውም። የሚለያቸው የራስ መወርወር፣ የልጓም አያያዝ፣ የፈረሱ ሁኔታ ነው። ስለዚህ ወደ ዐይን ሥራ እንመለስ።

አንድ ሰው ምንም ባያውቅ እንኳ ሁለት ነገር ቢማር ብዙ ያያል። አንደኛው ራስ ነው። ፈረስ በሶምሶማ ሲመጣ የፊት እግሩን የሚያመው ከሆነ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ቀና ያደርጋል፤ በደህናው እግሩ ሲረግጥ ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክብደቱን ከሚያመው እግር ላይ ለማንሣት ነው። ገበሬም፣ የጋሪ ነጂም ይህን ያውቃል። በሽምጥ ግልቢያ ላይ ግን ይህ ምልክት ይደበቃል፤ ሐኪሞች ፈረሱን በሶምሶማ፣ ያውም በጠንካራ መሬት ላይ ማየት የሚወዱት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቀዳሚው እግር ነው። ፈረስ ሲጋልብ ሁለቱ የፊት እግሮች እኩል አያርፉም፤ አንደኛው ሁልጊዜ ከሌላው ቀደም ብሎ ይዘረጋል። ይህም እግር ለአንድ ቅጽበት የሰውነቱን ክብደት ብቻውን ይሸከማል። በግራ በሚታጠፈው ኩርባ ላይ የሚቀድመው ግራው ነው። ቀጥታው መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ደህና ፈረስ ወደ ቀኝ ይለውጣል፤ ሸክም ይዞ የሚሄድ ሰው ትከሻ እንደሚለውጥ ማለት ነው። ሲለውጥ እንደገና ጉልበት ያገኘ ይመስላል። መለወጥ እምቢ ያለ ወይም ለውጦ ወዲያው የመለሰ ፈረስ ደክሞት፣ ገና ሳይማር ቀርቶ ወይም አንድ ስፍራ እያመመው ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በአንድ ጧት አይታወቅም፤ ትናንትናም ከትናንት በስቲያም ያየው ሰው ግን ያውቃል። ስለ ጆሮ፣ ስለ ጭራ፣ ስለ ላብ ብዙ ይባላል። ጆሮው ወደ ፊት የቆመ ፈረስ ተረጋግቷል፤ ሳይሮጥ በላብ የታጠበ ተጨንቋል። ሆኖም እነዚህ እንደ ፈረሱ ጠባይ ስለሚለያዩ ከትናንቱ ጋር ካልተያያዙ እምብዛም አይረዱም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። ይህን ሁሉ ለምን እናያለን? የእሽቅድምድም ፈረስ ወደ 500 ኪሎ የሚመዝን አካል በቀጫጭን እግሮች ላይ ተሸክሞ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። አጥንቱ በልምምድ ይጠነክራል፤ ግን ከሥራው ብዛት ጥቃቅን ስንጥቆችም ይፈጠሩበታል፤ ዕረፍት ካገኘ ይጠግናቸዋል፤ ካላገኘ ይሰፋሉ። የእንስሳት ሐኪሞች በሜዳ ላይ የሞቱ ፈረሶችን አጥንት መርምረው እንዳረጋገጡት በውድድር ላይ የሚደርሰው ገዳይ ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ አይደለም። ቀድሞ ጉዳት በነበረበት ስፍራ ላይ ነው የሚሰበረው። ፈረሱ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ በአረጋገጡ ሲናገር ነበር ማለት ነው፤ እርሱ ቃል ስለሌለው ሌላ መናገሪያ የለውም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለው ተረታችን የጦር ሜዳ ነው። በእሽቅድምድም ግን የሚያደርሰውም የሚዋጋውም ራሱ ፈረሱ ነው፤ ልግባ አልግባ ብሎ የሚመርጠው ግን እርሱ አይደለም።

በ2023 ይህ ነገር በግልጽ ታየ። ከደርቢው በፊት በነበሩት ቀናትና በደርቢው ዕለት በቸርችል ዳውንስ ሰባት ፈረሶች ሞቱ። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ቁጥሩ 12 ሆነና ቀሪው የወቅቱ ውድድር ኤሊስ ፓርክ ወደተባለ ሌላ ሜዳ ተዛወረ። ምርመራ ተደርጎ አንድ ወጥ ምክንያት አልተገኘም፤ ሜዳው ነው ብሎ ጣትን መቀሰር አልተቻለም። በእኔ ግምት ይህ ውጤት ከየትኛውም ጥፋት ይልቅ ያሳስባል፤ ምክንያቱ አንድ ቢሆን ኖሮ አንዱን አስተካክሎ ማረፍ ይቻል ነበር።

በዚያው ሳምንት ፎርቴ የሚባል ፈረስ ነበር። በ2022 በሁለት ዓመት ፈረሶች መካከል የአሜሪካ ሻምፒዮን የሆነ፣ ለደርቢውም ከሁሉ ይበልጥ የሚጠበቅ ነበር። ሐሙስ ጧት በልምምድ ግልቢያው ላይ ተደነቃቀፈ፤ ወዲያውም ተስተካክሎ ቀጠለ። ብዙ ሰው አየው፤ ቪዲዮውም ተሠራጨ። አንዳንዱ ትልቅ ነገር ነው፣ አንዳንዱ ምንም አይደለም አለ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞቹ ዐይናቸውን ከእርሱ አላነሡም። ቅዳሜ ጧት ውድድሩ ሰዓታት ሲቀሩት እያዩት ከሮጠ በኋላ በቀኝ የፊት ኮቴው ላይ የመመታት ጉዳት ስላለበት የኬንታኪ ግዛት የእንስሳት ሐኪም ከውድድሩ አስወጣው። ባለቤቱና አሠልጣኙ ማዘናቸውን አልሸሸጉም፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ በሚገባበት ቀን፣ ቲኬቱ ተሽጦ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘጋጅቶ፣ ዳግመኛ የማይመጣ ዕድል ከፊት ቆሞ ሳለ በኮቴ ላይ ባለ ትንሽ ጉዳት ምክንያት ይቅር ማለት ቀላል አይደለም። ይሮጥ ቢባል ምናልባት ምንም ሳይሆን ያሸንፍም ነበር። ሐኪሙ ግን ምናልባትን መመዘን የነበረበት ከሌላው ወገን ነው።

ዛሬ ለዐይን አጋዥ መጥቷል። በካሊፎርኒያ ሳንታ አኒታ በተባለው ሜዳ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ፈረሱ ቆሞ ሳለ የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ውስጥ ለውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ይሠራል። በግላስ ውስጥ ተቀምጦ የእርምጃውን መዛነፍ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያም ተፈትኗል፤ የሰው ዐይን የማይደርስበትን ልዩነት ይይዛል። ከ2022 ጁላይ ጀምሮም በአገሪቱ አቀፍ ሕግ የተቋቋመው ባለሥልጣን የሜዳ ደኅንነት ደንቦቹን ሥራ ላይ አውሏል። ይሁን እንጂ መሣሪያው አጠራጣሪ ነው ያለውን ፈረስ ማንሣት ወይም መተው አሁንም የሰው ውሳኔ ነው፤ ጧት ገንዳውን የሚያየውም፣ እግሩን የሚዳስሰውም ያው ባልደራሱ ነው።

የዚያን ዓመት ደርቢ ያሸነፈው ሜጅ የተባለ፣ በሁለት ዓመቱ አንድም ጊዜ ያልተወዳደረ ፈረስ ነበር። ፎርቴ በሐኪሞች ዝርዝር ውስጥ ስለገባ ከሁለት ሳምንት በኋላ በተደረገው ፕሪክነስም አልሮጠም። ከደርቢው አምስት ሳምንት በኋላ በቤልሞንት ወጥቶ ሁለተኛ ሆነ። በጁላይ መጨረሻ ደግሞ ሳራቶጋ ላይ ጂም ዳንዲ የሚባለውን ውድድር በአራት ደህና እግሮች ሮጦ አሸነፈ።